የእታለም ከባድ እጅ

«የእታለም እጅ እንዲህ ለስላሳ ሆኖ ሳለ፣ ሌሎቹ ሴቶች ሲሠሩ የሚያለቅሱት ለምንድን ነው?»

ይህን የጠየቀችኝ እማዋይሽ ናት። እማዋይሽ በቡሬ ምሽግ ለጣሊያኖች የሚያስተረጉመው ሰውዬ ያስቀመጣት ሴት ነበረች። ከእታለም ጎጆ ጀርባ ለብቻዬ ስጫወት አግኝታኝ፣ አዲስ የተሠራ ሹሩባዋን በመዳፏ እየዳበሰች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ። የፊት ጥርሶቼ ወልቀው ገና አልተተኩም ነበር። ምን ብዬ ልመልስላት? እኔም ሆንኩ ሰፈሩ ሁሉ የእታለም እጅ ከባድ ነው ብለን እናምን ነበር። ለስላሳ ነው የሚል ሰው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። እሷም ሳሙና የሸተተ እጇን አገጬ ላይ አሳርፋ ሄደች።

እታለም የሰው ፀጉር እየሠራች የምትኖር ሴት ነበረች። ባሏ ሲሞት መሬቱን ወንድሞቹ ወሰዱት፤ እሷም ከፈረስ ቤት ተነሥታ ቡሬ ገበያ ዳር ጎጆ ቀለሰች። በዚያች ጎጆ ውስጥ የነበራት አንድ በርጩማ፣ ፀጉር የምትከፍልበት ወስፌ፣ ምላጭና የቅቤ ቅል ነው። ሙሽራ ስትዳር፣ ልጅ ክርስትና ሲነሣ፣ ዓመት በዓል ሲደርስ ከሽንዲ በኩል ሳይቀር ሴቶች ይመጡላት ነበር። የእናቴን ራስም በሙሽርነቷ የሠራችው እሷ ናት። እናቴ ሸጋዬ በዕድሜ ልጇ ብትሆን ነው፤ ወዳጅነታቸው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተቋረጠም። እናቴ «እርስዎ» ትላታለች። እታለም ደግሞ እናቴ እኔን ወልዳ አሳድጋም «አንች የኔ ሙሽራ» ማለቷን አልተወችም።

ጣሊያን መጥቶ ከከተማው በላይ ምሽጉን ሲሠራ ሠርግ ቀረ። ማን ማንን ይድራል? ወንዶቹ ግማሾቹ ጫካ ናቸው፤ ግማሾቹ ደግሞ «ለንግድ ሄደዋል» ይባላሉ። የኔ አባት ባዬም ዓባይን ተሻግሮ ወለጋ ቡና ሊያመጣ ሄዷል ይባል ነበር። እኔ አምኜዋለሁ። ሲመለስ ጨሌ እንደሚያመጣልኝ እናቴ ነግራኛለች፤ የጨሌውን ቀለም ሳይቀር በልቤ መርጫለሁ።

የሚሠራ ራስ ሲጠፋ እታለም ከሳች። እናቴ በትንሽ አገልግል እንጀራ አስይዛ ትልከኛለች። እታለም በነፃ የሰው እህል አልበላም ትላለችና ሳትከፍል አትለቀኝም፤ ጭኗ መሀል አስቀምጣ ዳር ዳሩን የቀረችውን ጋሜዬን ቅቤ ትቀባልኝ ነበር። ቅቤው ባለቀ ጊዜ በባዶ እጇ ታሸኝ ጀመር። «ዛሬ ቅቤው አይታይም እንጂ አለ» ትለኛለች። እኔም ቤት ስደርስ እናቴን አሽትችኝ እላለሁ።

አንድ ቀን ጠዋት እናቴና እኔ እዚያው ሳለን አንዲት ሴት ገባች። ደስታነሽ ትባላለች፤ ቤቷ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ሰላምታ እንኳ በቅጡ ሳትሰጥ በርጩማው ላይ ተቀመጠችና ሻሿን ፈታች።

«ላጭኝ» አለች።

እታለም ምላጩን አንሥታ መልሳ አስቀመጠችው። ከዚያ ሦስቱ ሴቶች በሹክሹክታ ብዙ ተነጋገሩ። እኔ ከወሬው የያዝኩት ቁርጥራጩን ብቻ ነው፤ መላጨት እንዳለባት፣ ብትላጭ ደግሞ ሰው እንደሚያያት፣ ካዩዋት ቤቷ እንደሚቃጠል። ነገሩን ለራሴ ተረጎምኩት። ደስታነሽ ቅማል ይዟታል፤ ቅማል ያለበት ሰው ቤቱ ይቃጠላል። ቀስ ብዬ ራቅ አልኳትና በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ።

ዛሬ ሳስበው እፍረት ይይዘኛል፤ ልጅነት ነውና ግን ምን ይደረግ። ደስታነሽ የመጣችው ልጇ ዘሩ ከአርበኞች ጋር ሆኖ መሞቱን ሰምታ ነው። በአገራችን ሰው የሞተባት ሴት ፀጉሯን ሳትላጭ ሐዘን ተቀመጠች አይባልም፤ ሟቹም እንደ ተጣለ ሰው ይቆጠራል። የምሽጉ ባንዶች ይህን ስለሚያውቁ በገበያና በቤተ ክርስቲያን የሚመለከቱት የሴቶችን ራስ ነበር። በሰበካው የተቀበረ ሰው ሳይኖር የተላጨች ሴት ከታየች፣ ወንዷ የሞተው ጫካ ነው ማለት ነው። ከብቱ ይነዳል፣ ቤቱ ይቃጠላል፣ በቤት የቀረው ወንድ ሁሉ ምሽግ ይገባል። ደስታነሽ ደግሞ የቀረላት ሌላ ልጅ ነበራት።

እታለም እምቢ አለች። ያንቺን የቀረ ልጅ በምላጬ አልገድልም አለቻት። ደስታነሽ ከበርጩማው አልነሣም አለች።

እናቴ የደስታነሽን ፀጉር ስታይ ቆይታ «መጀመሪያ ይሥሯት» አለች። «ከሠሯት በኋላ ይላጯት።»

«ምን ዓይነት ሥራ ነው ደሞ እሱ? ጎመኑን ቀቅዬ መልሼ ልትከለው ነው?»

«ሹሩባውን እንደ ልማድዎ ይጨርሱት። ከዚያ አንድ አንዱን ከሥሩ እየቆረጡ ይስጡኝ። እኔ በስስ ጨርቅ ላይ እሰፋዋለሁ። ጨርቁን እንደ ቆብ አጥልቃ፣ ግንባሯን በሻሽ ካሠረችው ማን ያውቃል? ቅቤውም ይሸታል።»

እታለም ግን ይህ ሥራ አይደለም፣ እኔ ሴትን ለደስታዋ አሰናዳለሁ እንጂ ለመከራዋ አላሰናዳም አለች።

«እርስዎ ሴትን ለቀኗ ነው የሚያሰናዱ» አለቻት እናቴ። «ቀኑ ነው የተለወጠ።»

እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ቀዳ ቆቡን ሰፋች። እታለምም ተቀመጠች። ሹሩባው እስኪያልቅ ደስታነሽ ድምፅ አላሰማችም። የመጀመሪያው ጉንጉን ከሥሩ ተቆርጦ በእናቴ እጅ ላይ ሲወድቅ ግን እንደ ታመመ ሰው ጮኸች። ወዲያው በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። ከባንዶቹ አንዱ፣ ተስፋው የሚባለው፣ ገበያ ለገበያ ሲዞር ሰምቶ ራሱን ብቅ አደረገ። እናቴ ቆቡን ከቀሚሷ ሥር ከተተች። እታለም ዞር ብላ እንኳ አላየችውም። የደስታነሽን ራስ በነጠላዋ ሸፍና ወደ ጉልበቷ ደፋችውና «ቻይው እንጂ! ሹሩባ አማረኝ ብለሽ መጥተሽ ቤቴን ለቅሶ ቤት አስመሰልሽው» ብላ ጮኸችባት።

ተስፋው ሳቀ። «አንች አሮጊት፣ እጅሽ ነው ወይስ የወፍጮ ድንጋይ?» አላት።

«ለስላሳ እጅ የፈለገች ወደ እናቷ ትሂድ» አለች እታለም። እሱም እየሳቀ ሄደ።

እንዲህ ሆኖ የእታለም ሥራ ተለወጠ። የእጇ ክብደት በየመንደሩ ተወራ። ሴቶቹ ከገበያ መልስ ብቅ ይላሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ያለቅሳሉ። እታለም «ቻይው» እያለች ትጮኻለች፤ መንገደኛው ይስቃል። አንዳንዷ ጤፍ፣ አንዳንዷ ቅቤ ታመጣለች፤ ምንም የሌላት ባዶ እጇን መጥታ ትሠራለች። እናቴ በሩ አጠገብ ተቀምጣ የምትፈትል መስላ ትሰፋለች። ከቆይታ በኋላ የሚላጭ ፀጉር ሳይኖራቸው የሚመጡም ነበሩ፤ ለማልቀስ ብቻ። በዚያ ዘመን በቡሬ አንዲት ሴት ሳትፈራ የምታለቅስበት ቦታ ያ በርጩማ ነበር። ይህንን ያወቅሁት ግን እናቴ ከሸመገለች በኋላ ነው። እኛ ልጆቹ «እታለም እታለም» የሚባል ጨዋታ አወጣን፤ አንዷ ፀጉር ትጎትታለች፣ ሌላዋ ታለቅሳለች፣ ቶሎ ያላለቀሰች ትሸነፋለች።

በዚያው ዓመት፣ በሐምሌ ይመስለኛል፣ ቄስ ገብረሰንበት ወደ ቤታችን መጡ። ወደ ውስጥ አልገቡም። በአጥሩ ላይ ለእናቴ አንድ ነገር ነገሯት፤ መስቀላቸውን አሳለሟትና በዝናቡ ውስጥ ሄዱ። እናቴ ተመልሳ ምስር መልቀም ቀጠለች። ጠጠሩን ለቅማ ስትጨርስ ደህናውን ምስር አንድ አንድ እያለች መሬት ላይ ትጥል ጀመር። «እማ፣ ምስሩ» ብላት አልሰማችኝም። ሰፌዱ ባዶ ሲሆን ተነሣችና «ተነሽ ባንቺአየሁ፣ እታለም ዘንድ ልንሄድ ነው» አለችኝ።

«ልትሠሪ ነው?»

«አዎ።»

ደስታዬን አልችለውም። ነጋዴ ባል ሊመለስ ሲል ሚስቱ ራሷን እንደምትሠራ አውቃለሁ። ቄሱ ያመጡት ወሬ ምን እንደሆነ ገባኝ አልኩ፤ አባቴ ዓባይን ተሻግሮ እየተመለሰ ነው። በጭቃው ላይ እየዘለልኩ ከፊቷ ቀደምኩ።

እናቴ በርጩማው ላይ ስትቀመጥ እታለም ምንም አልጠየቀቻትም። ወስፌው ከእጇ ሁለቴ ወደቀ። «አንች የኔ ሙሽራ» አለች። ሹሩባውን ሠርታ ስትጨርስ መቁረጥ ጀመረች። ታዲያ የሌሎቹን ሁሉ የሰፋችው እናቴ ናት፤ የሷን ማን ይሰፋዋል? የእታለም ዓይን ለመርፌ አይሆንም። ስለዚህ እናቴ የራሷን ጉንጉን በራሷ እጅ እየተቀበለች በጉልበቷ ላይ ሰፋችው። እንባዋ በጨርቁ ላይ ይወርዳል፤ መርፌዋ ግን አልቆመም። እታለም ወደ በሩ ዞራ «ቻይው» አለች። ሁልጊዜ እንደምትጮኸው አልጮኸችም። በመንገዱ ላይ በዚያ ዝናብ ማንም አልነበረም።

እኔ የማየው ነገር የገባኝ መስሎኝ ነበር። ትልልቆቹ ሴቶች ሁሉ እንዲህ ነው የሚያምሩት፤ ሹሩባው ወልቆ ይሰፋል፣ ተመልሶ ይጠለቃል፤ ለዘላቂነቱ ነው አልኩ። እናቴ ሻሿን አሥራ ስትነሣ እንደ እሷ ያማረች ሴት በቡሬ አልነበረችም። ወጥቼ ለሰፈሩ ልጆች ሁሉ «አባቴ ሊመጣ ነው» ብዬ ተናገርኩ። ለተስፋውም ነገርኩት። እሱም የእናቴን ሹሩባ አይቶ «እንግዲያ ደግሳችሁ ጥሩን» አለን። እናቴ ኋላ ስታወራው፣ በዚያ ሰሞን ቤታችንን ያዳነው ያንቺ ደስታ ነው ትለኝ ነበር። ስትለኝ ግን ፊቴን አታየኝም።

እማዋይሽ መምጣት የጀመረችው ከዚያ በኋላ ነው። የምሽጉን ሰው ሴት እምቢ ማለት አይቻልም። እሷ ስትመጣ ሌሎቹ ሻሻቸውን እያጠበቁ ይወጣሉ፤ ከምሽጉ አብሯት የሚመጣው ዘበኛ በር ላይ ይቆማል። ሳሙናና ጨው ታመጣለች። እታለምም ቶሎ ሸኝቼ ልገላገል በማለት እንደ ድሮው፣ እንደ ሙሽሮቹ ዘመን፣ በቀስታ ትሠራታለች። እዚህ ላይ ነው የተሳሳቱት። እጅ በልማዱ ይሠራልና ማንም አላሰበበትም፤ አንድም ቀን «ቻይው» አላለቻትም።

የጠየቀችኝን ለእናቴ ስነግራት እናቴ የያዘችው ክር ተበጠሰ። ቤት ውስጥ ያለውን ቆብ ሁሉ ሰብስባ ጓሮ ቀበረችው። እታለም ዘንድ ሄደን እንደገና ተናገሪ አሉኝ፤ ቃል በቃል ደገምኩላቸው። ካወቀች ለአስተርጓሚው ትነግረዋለች፣ ከነገረችው ስንት ቤት ይቃጠላል ተባባሉ። ደስታነሽ ከዚህ ከተማ እንጥፋ አለች። እታለም ግን እንደገና እስክትመጣ እንጠብቅ፣ ያን ጊዜ የእጄን ክብደት አሳያታለሁ አለች። እናቴ በነዚያ ቀኖች ውሻ በጮኸ ቁጥር ሻሿን ትዳብስ ነበር።

እማዋይሽ መጣች። ዘበኛው እንደ ልማዱ በር ላይ ቆመ። እናቴ ትፈትላለች፤ እኔ ከጎኗ ነኝ። እታለም ወስፌውን በማጅራቷ በኩል ሰደደችና ጎተተች፤ ድምፁ የተሰማኝ መሰለኝ። እማዋይሽ አልጮኸችም። እታለም ደግማ ጎተተች።

«አልከበደም» አለች እማዋይሽ በሹክሹክታ። «ያክብዱት።»

የእታለም እጅ ቆመ። «ምን ሆንሽ ልጄ?»

«ወንድሜ ነው። ሀይሉ። በምሽጉ በሞቱ ሲሳሳቁ ሰማሁ። ካለሁበት ቤት ማልቀስ አይቻልም።»

እታለም ወደ እናቴ አየች። እናቴ እንዝርቷን አስቀመጠች። ያን ጊዜ እታለም አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሰምቼ በማላውቀው ድምፅ፣ «ቻይው! ቻይው እንጂ! የምሽግ እንጀራ አለስልሶሻል!» ብላ ጮኸች። እማዋይሽ በእታለም ጉልበት ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ዘበኛው ከውጭ በሳቅ ፈነዳ። እኔም እታለም ምሽግ የገባችውን ሴት ስለ ቀጣችልን ደስ አለኝ፤ ሳሙናዋ ግን እንዳይቀርብን ሰጋሁ።

ሊላጯት አልቻሉም፤ አስተርጓሚው ራሷን ያውቀዋል። እታለም ከማጅራቷ በታች፣ ከማይታይበት ቦታ፣ አንዲት ቀጭን ጉንጉን ቆርጣ ሰጠቻት። እማዋይሽም በጡቷ መሀል ከተተቻት። ከዚያ ቀን በኋላ ቤት የሚቃጠልበት ነገር ከሷ አልወጣም። ባንዶች ለፍተሻ ሊወጡ ሲሉ አመመኝ ብላ ትቀርና ለእታለም ሳሙና በዘበኛው ትልክ ነበር፤ ሴቶቹም ምልክቱን አውቀው በዚያ ቀን ወደ ገበያ አይመጡም። ይህንንም ያወቅሁት ኋላ ነው።

ጣሊያን ቡሬን ለቅቆ የወጣ ጊዜ በቤተ ክርስቲያን ደወል ተደወለ። ከየአቅጣጫው የመጣው ሕዝብ ግቢውን ሞላው። ሴቶቹ በአንድ በኩል ተሰበሰቡ። መጀመሪያ ደስታነሽ ሻሿን ፈታች፤ ከዚያ ሹሩባዋን ከነቆቡ ከራሷ ላይ አወጣችው። ከጎኗ ያለችውም አወጣች። ከዚያ የሚቀጥሉት። የማውቃቸው ያማሩ ሴቶች ሁሉ፣ በዓይኔ እያየኋቸው፣ ፀጉራቸው አጭር ሆነ። ለቅሶው እንደ ጎርፍ ወጣ፤ «ቻይው» የሚል ሰው አልነበረም። ወደ እናቴ ዞርኩ። እናቴ ሻሿን ፈትታ ቆቡን በእጇ ይዛለች፤ የአባቴን ስም እየጠራች ነበር። ባዬ፣ ባዬ። ያን ጊዜ ነው ማንም ሳይነግረኝ የገባኝ። ጨሌ የሚባል ነገር እንደሌለ ገባኝ።

እማዋይሽ በመጨረሻ መጣች። አስተርጓሚው ከጦሩ ጋር ሲሸሽ ጥሏት ሄዷል። ሻሿን ፈታች፤ በዚያ ሁሉ ሴት መሀል ሙሉ ፀጉር ያላት እሷ ብቻ ነበረች። ሴቶቹ ዞር ብለው አዩዋትና ለቅሶው ቀነሰ።

«ይችን የምሽግ ሴት ማን ጠራት?» አለች ደስታነሽ።

እታለም በሴቶቹ መሀል አልፋ አጠገቧ ቆመች። እሷም በርጩማዬ ላይ አልቅሳለች፣ ወንድም ሞቶባታል፣ እናንተም በሷ ሳሙና ተርፋችኋል አለች። እማዋይሽ ያችን ቀጭን ጉንጉን ከጉያዋ አውጥታ አሳየች። ደስታነሽ ፊቷን አዞረች። ከአርበኞቹ ጎረምሶች አንዱ፣ ይህች ሴት ፀሐይ ሳይጠልቅ ከቡሬ ካልወጣች ያደረችበት ቤት ይቃጠላል አለ። እታለም ወደ እናቴ አየች። እናቴ ቆቡን በእጇ እያገላበጠች ዝም አለች።

ማንበብና መጻፍ የተማርኩት ልጆቼ ካደጉ በኋላ፣ ፍኖተ ሰላም በመሠረተ ትምህርት ክፍል ነው። ፊደሉን ለይቼ ካወቅሁበት ዕለት ጀምሮ መጻፍ የምፈልገው ይህችን የእናቴን ዝምታ ነበር፤ እስከ ዛሬም እንዴት እንደሚጻፍ አላውቅም። የመጨረሻ ልጄን ሹሩባ ስሠራት እጄ ከብዶሽ እንደሆነ ንገሪኝ እያልኩ እጠይቃታለሁ፤ እስክትሰለቸኝ ድረስ እጠይቃታለሁ። እናቴም እኔን ስትሠራኝ እንዲሁ ታደርግ ነበር።

እታለም በዚያው በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር እማዋይሽን አስቀምጣ ፀጉሯን ላጨቻት፤ በሰው ፊት፣ በቀን። እማዋይሽ አላለቀሰችም። ስትጨርስ ወስፌዋን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችና ምላጩን ለእናቴ ሰጠቻት።

«እርስዎ ምን በደሉ? እርስዎን ማን ውጡ አለዎ?» አለች እናቴ።

«እኔንማ ማንም አላለኝ። እሷ ግን ብቻዋን አትደርስም» አለች እታለም። «በርጩማውን ከጎጆ ውሰጅው፣ የኔ ሙሽራ።»

ሁለቱ በፈረስ ቤት መንገድ ሄዱ፤ ከዚያ በኋላ አላየናቸውም። ደስታነሽ ቀረች። እናቴ ቀረች፤ እኔም ከእናቴ ጋር ቀረሁ።